ወደ ትልቁ ሮለር ኮስተር ልውጣ ወይስ ልቅር? ለሚፈራ ሰው የተጻፈ መመሪያ

ይህን የምጽፈው አዳማ፣ መብራት ኃይል አካባቢ ካለው ቤቴ ሆኜ ነው። ስለ እሱ የምጽፈው ማሽን፣ ሮለር ኮስተር የሚባለው በሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚሮጥ የመዝናኛ ባቡር፣ ግን ባሕር ማዶ ነው ያለው። ከከተማችን ወደ ኤምሬትስ የሚሄደው ሰው ብዙ ነው፤ አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለንግድ፣ አንዱ ደግሞ እንደ እኔ እኅቱን ለመጠየቅ። እንግዳ ሲመጣ ዘመድ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ቲኬት ይቆርጣል፣ ልጆቹም እንግዳውን እጁን ይዘው ወደ መዝናኛ ፓርክ ይወስዱታል። እዚያ ትንሹን ሮለር ኮስተር ከሞከሩ በኋላ «አሁን ደግሞ ወደ ትልቁ» የሚባልበት ሰዓት ይመጣል። መመሪያው የተጻፈው ለዚያች ሰዓት ነው።

የእኔ የመጀመሪያዋ ሰዓት አላማረችም። ከ4 ዓመት በፊት አንድ ፓርክ ውስጥ የእኅቴ ልጅ «አክስቴ፣ ነይ እንጂ! ሁለት ደቂቃ እኮ አይሞላም» አለችኝ። ጓደኞቿ ቆመው ይጠብቁኛል። አልፈልግም ለማለት አፈርኩና ወጣሁ። ባቡሩ ገና አቀበቱን ሳይጨርስ ዐይኔን ጨፈንኩ፣ አገጬን ደረቴ ላይ ቀበርኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ። ቁልቁለቱ ሲመጣ አንገቴ በዚያው እንደታጠፈ ተመታ። ሦስት ቀን ሙሉ ዞር ብዬ ማየት አልቻልኩም። ማሽኑ ላይ ያስወጣኝ ይሉኝታ ነበር፤ አንገቴን ያሳመመው ደግሞ እንዴት እንደሚቀመጡበት አለማወቄ። በቀጣዩ ጉዞዬ ሁለቱንም አስቤበት ሄድኩ።

1. የጤናውን ጥያቄ አስቀድመው ይጨርሱ

ይህ ክፍል አጭር የሆነው ክርክር ስለሌለበት ነው። የልብ ሕመም፣ ያልተስተካከለ የደም ግፊት፣ የአንገት ወይም የጀርባ ችግር፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት ኃይለኛ ሮለር ኮስተር ላይ አይወጡም። ግፊትዎን ተለክተው የማያውቁ ከሆነ ከጉዞው በፊት ጤና ጣቢያ ጎራ ይበሉ። ፓርኮቹ በየማሽኑ መግቢያ ላይ ማስጠንቀቂያ ይለጥፋሉ፤ ካልገባዎት ዘመድ እንዲያነብልዎት ይጠይቁ እንጂ አይለፉት።

2. የሚፈሩትን ነገር በስሙ ይጥሩት

«እፈራለሁ» ብሎ ማቆም ሐኪም ፊት ቀርቦ «ያመኛል» ብሎ ዝም እንደ ማለት ነው። የት ጋ? ሲጫኑት ነው ወይስ ሲተነፍሱ? ፍርሃትም ካልተመረመረ መላ አይገኝለትም።

ከፍታ የሚፈራ ሰው አራተኛ ፎቅ ሰገነት ላይ ቆሞ ወደ ታች ማየት ይከብደዋል። ሮለር ኮስተር ላይ ጭንቀቱ የሚበረታበት ባቡሩ ቀስ እያለ ሽቅብ ሲወጣ ነው፤ መውረድ ከጀመረ በኋላ እንዲያውም ይቀለዋል። ቁልቁለት የሚፈራው ግን ሌላ ሰው ነው። እሱን የሚያስጨንቀው ሆድ ዕቃው ወደ ጉሮሮው የመጣ የሚመስልበት ቅጽበት ነው። ይህ የሚሆነው ሰውየውና መቀመጫው አብረው ስለሚወድቁ ነው። መቀመጫው ከታች መግፋቱን ለጊዜው ይተዋል፣ ሆድ ዕቃም ሁልጊዜ በቦታው የሚያሳርፈው ክብደት ይጠፋበታል። በጤነኛ ሰው ላይ የሚያመጣው ጉዳት የለም፤ የማይወደው ሰው ግን ብዙ ነው፣ እኔም አንዷ ነኝ።

ፍጥነት የሚያስፈራቸው አሉ። ቁልቁል መገልበጥ የሚያስፈራቸው አሉ። ማሰሪያው ጭናቸው ላይ ሲዘጋና «አሁን መውጣት አልችልም» ሲሉ የሚታፈኑም አሉ፤ እነዚህ ከባዱ ጊዜያቸው ባቡሩ ከመንቀሳቀሱ በፊት ያለው ነው። ሐዲዱ ቢለቅስ፣ ማሰሪያው ቢከፈትስ ብለው አደጋውን የሚፈሩም አሉ። በጠመዝማዛ መንገድ ሚኒባስ ውስጥ የሚያቅለሸልሻቸው ሰዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሸሹት ማስመለሱን ነው፣ ፍርሃት ያለባቸው ይመስላቸዋል እንጂ።

ወረቀት አውጥተው ከነዚህ ውስጥ የእርስዎ የሆኑትን ሁለቱን ይጻፉ። «ሁሉንም ነው የምፈራው» የሚል ሰው አጋጥሞኛል፤ ረጋ ብሎ ሲጠየቅ ግን አንዱ ከሌላው ይበልጥበት ነበር።

3. እዚሁ አዳማ ሰውነትዎን ይጠይቁት

ሰውነት የሚመልሰው መልስ አእምሮ ከሚገምተው ይልቅ እውነተኛ ነው፤ ለመጠየቅም አውሮፕላን መሳፈር አያስፈልግም።

ፍጥነትን እንውሰድ። አዲስ አበባን ከአዳማ በሚያገናኘው የፍጥነት መንገድ የሚፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያ መንገድ በቤት መኪና የመጣ ሰው 120ን ያውቀዋል፤ ስንቱስ እንቅልፍ ወስዶት መጥቷል! በሚቀጥለው ጉዞዎ ተሳፋሪ ሆነው መስኮቱን ትንሽ ዝቅ ያድርጉና ነፋሱ ፊትዎን ሲመታ ልብዎ ምን እንደሚል ያዳምጡ። ደስ ካለዎት ፍጥነት የእርስዎ ጠላት አይደለም።

ለቁልቁለት ከዥዋዥዌ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ልጆች መጫወቻ ቦታ ያለ፣ አዋቂ የሚችል ጠንካራ ዥዋዥዌ ይፈልጉ። እግርዎን እየዘረጉና እያጠፉ ከፍ እስኪል ይግፉት። ወደ ኋላ ጫፍ ሲደርስ ሰንሰለቱ ለቅጽበት ይላላል፣ ሁሉ ነገር ይቆማል፣ ከዚያ ወደ ፊት መውረድ ሲጀምር ከእምብርት በላይ አንድ ነገር ባዶ ይሆናል። ያቺ ናት። ትልቁ ሮለር ኮስተር የሚሰጥዎት ያችኑ ነው፣ ረዘምና በርታ አድርጎ። እኔ ዥዋዥዌው ላይ ዐይኔን ከፍቼ ወደ ውጭ እየተነፈስኩ ስወርድ ስሜቱ ግማሽ ሲሆን፣ ትንፋሼን ይዤ ዐይኔን ስጨፍን ደግሞ እጥፍ ሲሆን አየሁ። አንገቴን ያሳመመኝ ጉዞ ምሥጢሩ የተገለጠልኝ ያን ጊዜ ነው።

ከፍታ ለሚፈሩ ከፍ ያለ ሕንፃ ሰገነት ላይ ወጥቶ፣ አጥሩን ይዞ፣ ልብ እስኪረጋ ድረስ መቆየት ይረዳል። ጊዜና ገንዘብ ካለዎት ቢሾፍቱ ባለው የኩሪፍቱ የውሃ ፓርክ መንሸራተቻዎች ላይ መሞከር ጥሩ መሸጋገሪያ ነው።

4. ማሽኑን ይወቁት

እኅቴ የወሰደችኝ አቡዳቢ፣ ያስ ደሴት ላይ ወዳለው ፌራሪ ወርልድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተ ፓርክ ነው። እዚያ ካሉት ሦስቱን ላንሣ። ፊዮራኖ ጂቲ ቻሌንጅ የሚባለው ሁለት ባቡሮች ጎን ለጎን የሚሽቀዳደሙበት ሲሆን ፍጥነቱ በሰዓት 95 ኪሎ ሜትር ነው። ፍላይንግ ኤሰስ 63 ሜትር ከፍታ ላይ ይወጣና 120 ይደርሳል፤ 63 ሜትር ማለት ሃያ፣ ሃያ አንድ ፎቅ ያህል ነው። ፎርሙላ ሮሳ ደግሞ ለብዙ ዓመታት የዓለም ፈጣኑ ሮለር ኮስተር ሆኖ የቆየው ነው። ከቆመበት ተነሥቶ በ5 ሰከንድ ገደማ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ የፍጥነት መንገዳችን እጥፍ መሆኑ ነው። አሸዋና ነፍሳት ዐይን እንዳይመቱ ለተሳፋሪው መነጽር ይሰጠዋል።

አሁን ቁጥሩን ያየ ሰው ሦስቱን ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ ብሎ ይደረድራቸዋል። እኔም እንዲሁ ደርድሬ ነበር፣ ተሳስቼ። ፎርሙላ ሮሳ የሚገለብጥ ቀለበት የለውም። ዋናው ኃይሉ የሚመጣው ሲነሣ ነው፤ ያ ኃይል ደግሞ ጀርባን ወደ መቀመጫው ይለጥፋል እንጂ ሰውን ወደ ታች አይጥለውም። ፍጥነት ለማይፈራና ቁልቁለት ለሚፈራ እንደ እኔ ላለ ሰው፣ 240 የሚሮጠው ከ120ው ሊቀል ይችላል። ከፍታና መውደቅ ለሚወድ፣ ፍጥነት ለሚፈራ ሰው ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በሁለተኛው ደረጃ ላይ የጻፉት ወረቀት የሚጠቅመው እዚህ ነው፦ ስለ እያንዳንዱ ማሽን «ከባድ ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ «የእኔን ፍርሃት ይነካል?» ብለው ይጠይቁ።

አደጋውን ለሚፈሩ ጥቂት ልጨምር። የአዳማ ሰው ባቡር ያውቃል፤ የጅቡቲው ባቡር መንኮራኩር በሐዲዱ ላይ የሚያርፈው በክብደቱ ነው። የሮለር ኮስተር መንኮራኩር ግን ሐዲዱን ከላይ፣ ከጎንና ከታች ይዞታል። ከታች የሚይዘውን መንኮራኩር አሜሪካዊው ጆን ሚለር እ.ኤ.አ. በ1919 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። ባቡሩ ቢገለበጥም ከሐዲዱ የሚወጣበት ክፍተት የለም ማለት ነው። በሰንሰለት በሚጎተቱት ላይ ሽቅብ ሲወጡ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ብዙ ሰው ድምፁን የብልሽት ምልክት አድርጎ ይፈራዋል። ድምፁ የሚመጣው ባቡሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ጥርስ ላይ እየዘለለ ከሚነክሰው ብረት ነው፤ ሰንሰለቱ ቢበጠስ እንኳን ብረቱ ይይዘዋል። ባቡሩ መንገድ ላይ ቢቆምም አይደንግጡ። ሐዲዱ በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው፤ ፊት ያለው ክፍል ባዶ ካልሆነ ኋላ ያለው ባቡር እንዲቆም ይደረጋል።

መገልበጥ ለሚፈሩም አንድ ነገር። እ.ኤ.አ. በ1895 ኒው ዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ ላይ የተሠራው የሚገለብጥ ማሽን ቀለበቱ ፍጹም ክብ ስለነበር የሰውን አንገት ይጎዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተከፈተው ቀለበት ግን እንደ እንባ ጠብታ ከላይ ጠበብ ያለ ሆኖ ተሠራ፤ ጫናው ተቀነሰ፣ ከዚያ ወዲህ የሚሠሩትም በዚያው መንገድ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን በአግባቡ ለሚመረመር ማሽን ነው። የትም አገር ይሁን፣ ማሰሪያውን በእጁ ሳብ አድርጎ የሚፈትሽ ሠራተኛ ከሌለ፣ ቀበቶው ከተበጣጠሰ፣ ብረቱ ከዛገ አይውጡ። ያን ጊዜ የሚሰማዎት ፍርሃት ትክክለኛ ማስተዋል ነው፣ ይታዘዙት።

5. በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይጨምሩ

ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲያልፉ ፍጥነቱም፣ ከፍታውም፣ መገልበጡም አብረው ከጨመሩ የቱ እንዳስጨነቀዎት አያውቁም። ፍጥነቱ ጨምሮ ቁልቁለቱ የማይብስበትን፣ ወይም ቁልቁለቱ ጨምሮ ፍጥነቱ የማይጨምርበትን ይምረጡ።

ከማለፍዎ በፊት ደግሞ የለመዱትን ማሽን ሁለት ጊዜ ይውጡበት። የመጀመሪያው ዙር ስለ እርስዎ ብዙ አይናገርም፤ የሚያስፈራው አለማወቁ ነው። ሁለተኛው እውነቱን ያወጣል። ከሁለተኛው ወርደው አፍዎ ላይ የመጣው ቃል «ተገላገልኩ» ከሆነ እዚያው ይቆዩ። «ደግሜ ልውጣ» ከሆነ ወደሚቀጥለው ይሂዱ። እኔ ከፊዮራኖ ስወርድ የእኅቴን ልጅ እጅ ይዤ ወደ ወረፋው መጨረሻ እየጎተትኳት ነበር፣ ያን ጊዜ ነው ፎርሙላ ሮሳን ማሰብ የጀመርኩት።

6. ወረፋ ሳይይዙ ግማሽ ሰዓት ቆመው ይዩ

ስልክዎን አውጥተው ባቡሩ ከተነሣበት እስከሚመለስበት ይቁጠሩ። የፎርሙላ ሮሳ ጉዞ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ እርስዎ የሚፈሩት ክፍል ስንት ሰከንድ እንደሆነ ለይተው ይቁጠሩ። የእኔ ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ሌሊቱን ሙሉ የተጨነቅኩለት ነገር አንድ አባታችን ሆይ እንኳን አያስደግምም።

ከዚያ የሚወርዱትን ሰዎች ፊት ይዩ። የሚጮኹትን ተዉአቸው። በዕድሜና በሁኔታ እርስዎን የሚመስል ሰው ፈልገው ሲወርድ እንዴት እንደሚራመድ ይመልከቱ።

7. ፍርሃቱን ከይሉኝታው ይለዩ

ውሳኔው የሚሰጠው እዚህ ነው። ከዘመዶችዎ ትንሽ ራቅ ብለው ይቁሙና ራስዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ማንም ባያየኝ፣ ፎቶ ባይነሣ፣ ለማንም ባላወራው፣ እወጣ ነበር?» መልሱ «አዎን፣ ግን እፈራለሁ» ከሆነ መውጣት ይችላሉ፤ ፍርሃቱ ከፍላጎት ጋር አብሮ የሚሄድ ነው። መልሱ «አይ» ከሆነ የሚገፋዎት ይሉኝታ ነው፤ በይሉኝታ የተወጣ አቀበት ሲወርዱበትም ደስ አይልም።

እምቢ ማለት ከከበደዎት ቃሉን አስቀድመው ያዘጋጁ። «ዛሬ አልወጣም፣ ቦርሳችሁን እኔ እይዛለሁ» ማለት ይበቃል። ምክንያት አይደርድሩ፤ ምክንያት በደረደሩ ቁጥር ልጆቹ አንድ በአንድ ያፈርሱታል። ወረፋው ውስጥ ገብተው፣ መሳፈሪያው ደርሰው እንኳን ሐሳብዎን መቀየር ይችላሉ፤ ለሠራተኛው ብቻ ይንገሩት፣ በጎን በኩል ያሳልፍዎታል። ቲኬቱ ተከፍሏል ብለው አይጨነቁ፤ ገንዘቡ ቢወጡም ባይወጡም ወጥቷል።

እንግዳ ይዛችሁ ለምትሄዱ ዘመዶችም ልለምናችሁ። «ትንሽ ናት» ብላችሁ አታታልሉ። ሽማግሌን፣ በተለይ እናትን፣ በሰው ፊት «ፈራሽ እንዴ?» አትበሉ። እውነቱን ነግራችሁ ምርጫውን ለእነርሱ ተዉላቸው።

8. ሆድ፣ ቡና፣ ልብስ

ጠግቦ መውጣት ያስመልሳል፤ ባዶ ሆድም ያዞራል። ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት በፊት ቀለል ያለ ነገር ይብሉ። ጾም ላይ ከሆኑና እስከ ከሰዓት በኋላ የማይበሉ ከሆነ ትልቁን ማሽን ከበሉ በኋላ ላለው ጊዜ ያቆዩት። ቡናውን ይቀንሱ። እኅቴ ቤት ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቶ የሚወጣ ሰው ልቡ የሚመታው በቡናው ይሁን በፍርሃቱ መለየት አይችልም።

ነጠላ፣ ረጅም ሻርፕ፣ ክፍት ጫማ አይሆኑም። የአንገት መስቀል ካለዎት ልብስ ውስጥ ከትተው ከላይ ይቆልፉ፤ ረጅም ከሆነ ለሚጠብቅዎት ሰው ይስጡት። መነጽር፣ ስልክና ሰው ሠራሽ ጸጉርም እንደዚያው።

9. ወንበር ይምረጡ፣ ከዚያ ይውጡ

ለመጀመሪያ ጊዜ መሀል ይቀመጡ። ከትልቅ ቁልቁለት ላይ የመጨረሻው ወንበር በፊተኞቹ ተስቦ ስለሚወረወር ሆድ ባዶ የሚሆንበት ስሜት እዚያ ይብሳል። የፊተኛው ወንበር ሁሉን ያሳያል፤ ከፍታ ለሚፈራ አይመከርም፣ ለሚያቅለሸልሸው ሰው ግን የሚመጣውን ስለሚያይ ሊሻለው ይችላል።

ተራ ሲጠብቁ ልብ ይመታል፣ እጅ ያልባል። «ተረጋጋ» ብሎ ራስን መቆጣት አይሠራም። አሊሰን ዉድ ብሩክስ የተባለች የሃርቫርድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ በሰው ፊት ሊዘፍኑ ወይም ሊናገሩ የተዘጋጁ ሰዎች ለመረጋጋት ከመሞከር ይልቅ «ጓጉቻለሁ» ሲሉ የተሻለ እንደሠሩ አሳይታለች። ጉጉትና ፍርሃት በሰውነት ውስጥ የሚያስነሡት የልብ ምት ተመሳሳይ ነው፤ ስሙን መቀየር ይቀላል። እኔ በአማርኛ፣ ድምፄን አውጥቼ ነው ያልኩት። እስከ አራት እየቆጠሩ አየር ያስገቡ፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ያውጡ።

ማሰሪያው ሲዘጋ ጀርባዎን ከወንበሩ ጋር ያጣብቁ፣ ጭንቅላትዎን መደገፊያው ላይ ያሳርፉ፣ አገጭዎን ቀና ያድርጉ። ዐይንዎን አይጨፍኑ፤ ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል እንቅስቃሴውን እየነገረ ዐይን ምንም ካላየ ማዞሩ ይብሳል። ሐዲዱ ወደሚሄድበት ይመልከቱ። ቁልቁለት ሲጀምር ወደ ውጭ ይተንፍሱ፣ መጮኽ ከፈለጉም ይጩኹ፤ መጮኽ ራሱ ማስተንፈስ ነው። ከታች በኩል ክብደት ሲጫንዎት የእግርና የሆድ ጡንቻዎን ጠበቅ ያድርጉ።

ፎርሙላ ሮሳ ላይ ከመነሣታችን በፊት ያለው ጸጥታ ነው የማይረሳኝ። መነጽሩ ጉንጬን ይጫነኛል፣ ከጎኔ ያለችው ልጅ ትንፋሿ ይሰማኛል። ከዚያ ጀርባዬ ወንበሩ ውስጥ ገባ፣ ጉንጮቼ ወደ ጆሮዎቼ ሄዱ፣ የምተነፍሰውን አየር መፈለግ ነበረብኝ። ኮረብታው ጫፍ ላይ ስንደርስ ዥዋዥዌዋ መጣች። ወደ ውጭ ተነፈስኩ፣ አለፈች።

10. ከወረዱ በኋላ

አሥር ደቂቃ ይቀመጡ፣ ውሃ ይጠጡ። እግር መንቀጥቀጡ የተለመደ ነው፣ ብዙ አይቆይም። የደረት ሕመም፣ የማይለቅ ራስ ምታት ወይም የእጅ መደንዘዝ ካለ ግን የፓርኩን የሕክምና ክፍል ይጠይቁ። «ደግመን እንውጣ» የሚለውን ጥያቄ ከእነዚያ አሥር ደቂቃዎች በፊት አይመልሱ፤ ያን ሰዓት ደስታው ነው የሚናገረው።

ከዚያ ለሚቀጥለው ጊዜ እንዲጠቅምዎት፣ ስሜቱ ሳይጠፋ ምኑ እንደቀለለና ምኑ እንደከበደ ሁለት መስመር ይጻፉ። የእኔ እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለ፦ «ሮሳ፣ መሀል ወንበር። ኮረብታው ላይ ዐይኔን አልጨፈንኩም። ፍላይንግ ኤሰስ፣ ገና።»